ሰረዝ ካየህ ጨምር

ጡረታ የወጣ ሰው እንቅልፉ ይጣፍጣል ይላሉ። የኔ አልጣፈጠም። ጎረቤት ያለው ወፍጮ ሲነሳ አምፖሌ ትንሽ ደብዘዝ ካለ ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ፤ ደመቅ ካለ ደግሞ ይብስብኛል። ልጄ «እማዬ፣ አሁን እኮ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ተይው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ዕድሜ ልኩን ሲሰጋ የኖረ ሰው የመሰናበቻ ደብዳቤ ስለተሰጠው ብቻ መስጋቱን አይተውም። ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል፤ እኔ ለእናቴም ለመሥሪያ ቤቴም ስፈራ ነው የኖርኩት።

ስሜ ዘነበች ነው። አርባ ምንጭ ተቀምጬ የውሃ ፓምፖችን ኤሌክትሪክ በሚጠግን ክፍል ውስጥ ሠራሁ። ጨንቻ ተመድቤ በጭጋግ ውስጥ ምሰሶ ፈልጌያለሁ፤ ካምባ ተመድቤ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ስትቀር ዕቃ ተሸክሜ በእግሬ ወጥቻለሁ። ስለ ደመወዙ የማወራው የለኝም፤ አበሉም ይዘገይ እንደነበር የማያውቅ የለም። አለቆችም ብዙ አየሁ። አንዱ አለቃ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ስብሰባ ይጠራ ነበር፤ ሌላው ደግሞ መኪና ሲጠፋ የራሱን ቁልፍ አውጥቶ የሚሰጠን ደግ ሰው ነበር።

ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ኤሌክትሪክ ይዞሽ ያውቃል ወይ ብሎ ነው። ይዞኛል፣ ለቆኛልም። ያ ያስደነግጣል እንጂ አያሰጋም፤ ድንጋጤው ከደረሰ በኋላ አልፏል። ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ሲያስጨንቀኝ የኖረው ከቁጥር ፊት የምትቀመጥ አንዲት ሰረዝ ናት፤ ማይነስ የምንላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲሠራ ከረንቱ ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይራመድም፤ ኋላ ይቀራል። ካፓሲተር የሚባለውን ዕቃ ስናገናኝለት ደግሞ ከረንቱ ወደ ፊት ይጠጋል፤ ካፓሲተሩ ከበዛ ከቮልቴጁ አልፎ ይቀድማል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንግል ይለካል፤ መለኪያው ላይ ግን እኩል ሲራመዱ አንድ፣ ሲራራቁ ከአንድ ያነሰ ቁጥር ሆኖ ይነበባል። ኋላ መቅረቱ ኤሌክትሪክ ያባክናል እንጂ ብዙ ጉዳት የለውም። መቅደሙ ግን፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ስንሠራ፣ ቮልቴጁን ሽቅብ ይዞት ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚቃጠለው ይቃጠላል።

ታዲያ መለኪያዎቹ አይስማሙም። አንዱ ፋብሪካ ከረንቱ ኋላ ሲቀር ሰረዝ ያሳያል፤ ሌላው ሲቀድም ሰረዝ ያሳያል። የተሳሳተ የለም። ሁለት ሰዎች ከከተማችን ታችኛ ክፍል ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ ዳገቱን ሲወጡ፣ ፊት ያለውን ብትጠይቁት ጓደኛዬ ኋላ ቀረ ይላችኋል፤ ኋላ ያለውን ብትጠይቁት ጓደኛዬ ቀደመኝ ይላችኋል። መንገዱም ርቀቱም አንድ ነው። መለኪያው ከማን ወገን ሆኖ እንደሚቆጥር ሳታውቁ ቁጥሩን ካመናችሁት ግን እጃችሁ የሚሠራው ከሚገባው ተቃራኒውን ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ሻንቆ ናቸው። የጨንቻ ሰው፣ የሸማኔ ልጅ፣ ክፍላችን ውስጥ ከሁላችንም በፊት የተቀጠሩ። አማርኛቸው ከተማ የተማሩት ስለነበር መለኪያውን አንዴ እሱ አንዴ እሷ ይሉት ነበር። ሞተር ጋ ሲደርሱ ረጅም ጠመንጃ መፍቻ ያወጡና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሞተሩ ኩሽኔታ ሊበላሽ መሆኑን ከወር በፊት የሚያውቁት በዚህ ነው። ፓነል ሲነኩ በእጃቸው ጀርባ ነበር፤ ሙቀትን መዳፍ አያውቅም፣ መዳፍ ለመዶሻ ነው ይሉኝ ነበር።

ከልማዳቸው ሁሉ በውስጤ የቀረው ግን አዲስ መለኪያ ሲያገኙ የሚያደርጉት ነው። ከሳጥኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ያነቡታል፤ ግን አያምኑትም። ካፓሲተሩን ሁሉ ያጠፉና ባዶ ሞተር ያስነሳሉ። ሞተር ሁልጊዜ ኋላ ቀሪ ስለሆነ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ያን ጊዜ መለኪያው ሰረዝ ካሳየ የሱ ሰረዝ ኋላ ማለት ነው፤ ካላሳየ የሱ ሰረዝ ቀደመ ማለት ነው። «መጀመሪያ የምታውቂውን ጠይቂያት» ይሉኝ ነበር። «የምታውቂውን በትክክል ከመለሰች፣ የማታውቂውን ያን ጊዜ ትጠይቂያታለሽ።» ጨንቻ ውስጥ አንድ ባለ ወፍጮ፣ እህል ሳንይዝ መጥተን ወፍጮውን ባዶውን አስነሳልን ስንለው፣ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው ብሎ ለጎረቤቱ ሲያማን ሰምቻለሁ።

እኔ ይህን ልማድ ከሳቸው የባሰ ያዝኩት። ትናንት የፈተሽኩትን መለኪያ ዛሬም እፈትሻለሁ። ከጣቢያ ወጥተን ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ትንሿ ብሬከር በርታ ወይስ ጠፍታ ነው የተውናት እያልኩ ሾፌሩን ያስመለስኩበት ጊዜ አለ። ጋሽ ሻንቆ ይስቁብኝ ነበር፤ ስጋት እንደ በርበሬ ነው፣ ሲበዛ ወጡ አይበላም ይሉኛል። እኔ ደግሞ የፈሩት ይደርሳል የሚለውን ተረት ከልቤ ነው የማምነው።

ካምባ ሳለን ብርሃኑ የሚባል ወጣት የጉድጓድ ጥበቃ ነበር። ፓምፑ ሲታመም ከሩቅ በድምፁ ይለይ ስለነበር ጋሽ ሻንቆ ወደዱት። የማታ ትምህርቱን ሲጨርስ እሳቸው ራሳቸው አለቆችን ለምነው አርባ ምንጭ አስመጡት፤ በከተማው ዳርቻ፣ ከገደል ሥር ባለ የፓምፕ ጣቢያ ኦፕሬተር ሆነ። ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ እናቱንም ከካምባ አምጥቶ አብረው ይኖሩ ጀመር። ጋሽ ሻንቆን የሚያያቸው እንደ አባት ነበር። ሲናገሩ ቆሞ ነው የሚሰማቸው።

ጣቢያው ካፓሲተሮቹን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ ነበረው፤ ግን ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ ብርሃኑ መለኪያውን እያየ በእጁ ይጨምራል ይቀንሳል። ጋሽ ሻንቆ ያስተማሩት በአጭሩ ነበር፤ ሰረዝ ካየህ ጨምር፣ ሰረዝ ከጠፋ ተው ብለው። በዚያ አሮጌ መለኪያ ሰረዝ ማለት ኋላ ስለነበረ ትክክል ነው። በኋላ አሮጌው መለኪያ ሞተና ሰዎች ከሌላ ቦታ መጥተው በቁጥር የሚያሳይ አዲስ ተከሉ። ጋሽ ሻንቆና እኔ ለሌላ ሥራ በዚያ ስናልፍ ብርሃኑ ወጣና፣ ጋሼ ይሄኛውም ያው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል። ጋሽ ሻንቆ ከመኪናው ሳይወርዱ ያው ነው አሉት። ሞተር አላስነሱም። እኔ ኋላ ወንበር ላይ የዕቃ ሣጥን ታቅፌ ስለነበር የሰማሁት ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ልማድ የዘለሉባት ቀን እሷ ብቻ ትመስለኛለች።

ለጊዜው ምንም አልሆነም። ትላልቆቹ ፓምፖች ሲሠሩ ከረንቱ ኋላ ነው፤ አዲሱ መለኪያ ይህን ያለ ሰረዝ ያሳያል፤ ብርሃኑም ሰረዝ ስለማያይ አይጨምርም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን መብራት ጠፋ። ብርሃኑ ጄኔሬተሩን አስነሳ፤ ጄኔሬተሩ የሚችለው ትንሹን ፓምፕ ብቻ ስለሆነ እሱን ብቻ አበራ። ለትላልቆቹ ተብሎ ሁልጊዜ ተገናኝቶ የሚቀመጠው ካፓሲተር ለትንሹ ብዙ ነው። ከረንቱ ቀደመ። መለኪያው ሰረዝ አወጣ። ብርሃኑም እንደተማረው አንድ ካፓሲተር ጨመረ። ሰረዙ አልጠፋም፤ ቁጥሩ ብሶ መጣ። ሌላ ጨመረ። አምፖሎቹ እየነጡ ሄዱ፣ የማቀዝቀዣው ፋን ጮኸ። የመጨረሻውን ሲጨምር ከሞተር ማስነሻዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች ጭስ ወጣ።

ላይኛው ሰፈር ውሃ አጣ። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ሰዉ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ባጃጆች ሰው ትተው ጀሪካን ይጭኑ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እናቶች ቆመው ሲናገሩን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ብርሃኑ ከሥራ ታገደ። ከኮሚቴው አንዱ ደግሞ፣ ቁጥሩ እየባሰ እያየ የሚጨምር ሰው ሆን ብሎ ነው አለ። ይህቺ ቃል ብትጸና ብርሃኑ የሚጠብቀው ከሥራ መባረር ብቻ አይሆንም፤ ፖሊስ ነው።

እኔና ጋሽ ሻንቆ ጣቢያውን እንድናይ ተላክን። የተቃጠለውን ስናወጣ ቆየን። ከዚያ ጋሽ ሻንቆ መለኪያው ፊት ቆመው መስታወቱን በእጅጌያቸው ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት። ልጁ ለምን እንደጨመረ ሁለታችንም ገብቶናል። የምናገረው እኔ እንዳልሆን እየፈለግኩ እሳቸው እንዲናገሩ ጠበቅኩ። አልተናገሩም። መኪና ውስጥም አልተናገሩም። ጡረታቸው ዓመት አልቀረውም፤ በሥራ ዘመናቸው አንድ ማስጠንቀቂያ እንኳ አልተጻፈባቸውም። እሳቸው ዝም ካሉ እኔ ምን ላደርግ ነው?

አላሳፈሩኝም። በማግስቱ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰብሳቢው አቶ መላኩ፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንስማ ብለው ጀመሩ። ጋሽ ሻንቆ ተነሱ። በአገራቸው በዱቡሻ፣ ሽማግሌ በሚቀመጥበት አደባባይ፣ የሚናገር ሰው ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ቢሮ ውስጥም ይህን አልተዉም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያው ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጁ የታዘዘውን ነው ያደረገው አሉ።

እፎይ ልል ስል ነው ነገሩ የተበላሸው። ማንም አላመናቸውም። አንዱ ዓይኑን አበሰ። ሌላው፣ ጋሼ ያሳደጉትን ልጅ ለማዳን ነው እንጂ እርስዎ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠሩም አለ። አቶ መላኩም በአክብሮት፣ ጋሽ ሻንቆ ይቀመጡ፣ ሽማግሌ የሰው ጥፋት ይሸከማል፣ የኛ ሥራ ግን እውነቱን ማውጣት ነው አሉ። እሳቸው ደግመው ተናገሩ። በደገሙ ቁጥር የበለጠ ደግ ሰው መሰሉ፤ ብርሃኑ የበለጠ ጥፋተኛ መሰለ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ብርሃኑ ራሱ፣ ጋሼ ተዉት፣ በኔ ምክንያት ስምዎ አይጥፋ ብሎ አለቀሰ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጋሽ ሻንቆን ይወድ ነበር፤ ልጁን ሊያጠፋው የደረሰውም ያው ፍቅር ነው።

ስንወጣ ጋሽ ሻንቆ በግቢው ማንጎ ሥር አስቆሙኝ።

«እኔ ብናገር አይሰሙኝም» አሉ። «አንቺ አሳዪያቸው። ነገ አዲሱ ካርድ ይገባል። ሰውዬዎቹን ጣቢያ ጥሪያቸው። እኔን በፊታቸው ጠይቂኝ፣ እንደ ተማሪ። ስሳሳት ተሳስተሃል በይኝ።»

«ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ?»

«አታለሰልሺው። ካለሰለስሽው ይሉኝታ ይመስላቸዋል።»

እሺ አልኩ። ምሳ አልበላሁም፤ ራትም አልበላሁም። ሳስበው የከበደኝ የሙከራው ሥራ አልነበረም፤ እሱን በጨለማም እሠራዋለሁ። ያን ሰው፣ ጠመንጃ መፍቻ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኝን ሰው፣ በሰው ፊት ተሳስተዋል ማለት ነው የከበደኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ለማንም ትልቅ ሰው ወጥቶ አያውቅም። ሌላም ፍርሃት ነበረኝ፤ መለኪያው ባሰብነው መንገድ ባይመልስስ? የዚያን ቀን ብርሃኑም አለቀ፣ እሳቸውም ልጁን ለማዳን የዋሹ ሽማግሌ ሆነው ቀሩ፣ እኔም።

ጠዋት ኮሚቴው መጣ። ዝንጀሮዎች አጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩናል። መብራት ነበረ። አዲሶቹን ካርዶች አስገብቼ ብሎኖቹን ራሴ አጠበቅኩ። ካፓሲተሮቹን በሙሉ፣ ሁልጊዜ የሚገናኘውንም ጭምር፣ አወጣኋቸውና ኮሚቴው በዓይኑ እንዲያይ አደረግኩ። ከዚያ ጋሽ ሻንቆን ወደ መለኪያው ጠራኋቸው። ድምፄ እንደሚንቀጠቀጥ ተሰምቶኛል።

ትንሹ ፓምፕ ብቻውን፣ ያለ ካፓሲተር ሲነሳ ከረንቱ ይቀድማል ወይስ ኋላ ይቀራል ብዬ ጠየቅኳቸው። ኋላ ይቀራል አሉ። ብርሃኑን ባስተማሩት መሠረት መለኪያው ምን ማሳየት አለበት ብዬ ጠየቅኩ። ሰረዝ አሉ፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ሁሉም ወደ መለኪያው ተጠጋ። ቁጥሩ ወጣ። ሰረዝ የለውም።

አንድ ካፓሲተር ጨመርኩ፤ ቁጥሩ ወደ አንድ ተጠጋ፣ ሰረዝ የለም። ሁለተኛውን ስጨምር ከረንቱ ቮልቴጁን አለፈውና ከቁጥሩ ፊት ሰረዟ ብቅ አለች። ካፓሲተር ሲበዛ የመጣች ሰረዝ መቅደም እንጂ ኋላ መቅረት ልትሆን አትችልም። ይህን ከኮሚቴው መሐንዲሱም ሒሳብ ሹሙም ያያል። ብርሃኑ ያን ቀን ያየው ይህንኑ ነው፤ በተማረው መንገድ ሰረዝን ለማጥፋት ሲጨምር ሰረዙን እያባሰው ነበር።

ዞር ብዬ ጋሽ ሻንቆን አየኋቸው። በዓይናቸው ቀጥይ አሉኝ።

«ጋሽ ሻንቆ፣ ተሳስተዋል» አልኩ። «መለኪያው ሲቀየር ሞተር አስነስተው አልሞከሩም። ሳይሞክሩ ያው ነው ብለውታል፤ መኪናው ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። ልጁ ያመነው እርስዎን ነው።»

አቶ መላኩ ክንዴን ያዙኝ፤ ኧረ ዘነበች፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም አሉ በዝግታ። ጋሽ ሻንቆ ግን እጃቸውን አነሱ።

«ተዋት፤ እውነት ነው የምትለው።»

ፓምፑ ይሠራል፤ ውሃው በቧንቧው ወደ ላይ ሲሄድ ድምፁ ይሰማል። ኮሚቴው ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር ጽፎ ወሰነ። ብርሃኑ ሥራው ላይ ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ጋሽ ሻንቆ በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ተቀበሉ። ሲፈርሙ አጠገባቸው ነበርኩ። ብዕሩን ይዘው ስማቸውን ከነአባታቸው አሳምረው ነው የጻፉት።

የሙከራው ቀን ከጣቢያው ስንመለስ ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እስከ ሲቀላ ድረስ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቆጥተውብኛል፣ ከእንግዲህ አያናግሩኝም እያልኩ አስብ ነበር። ገበያው ጋ መኪናው በባጃጆች መሀል ሲቆም ወደኔ ዞሩ።

«ለምንድን ነው ድምፅሽ የተንቀጠቀጠው?»

«ፈርቼ ነው።»

«መለኪያዋን?»

«አይ፣ እርስዎን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመኪናው ሊወርዱ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ካደረጉ በኋላ ትንሽ ቆሙ።

«እኔ ደግሞ ዝም ትያለሽ ብዬ ነበር የፈራሁት» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።